ልሙጥ ጦማር፦ ከተፋቀ ቆዳ እስከ ባዶ ፋይል

አንድ የሰቆጣ ወጣት ቅኔ ቤት ያደጉትን አያቱን «አባባ፣ ጦማር ልጀምር ነው» ቢላቸው፣ «ለማን ነው የምትልከው ልጄ?» ብለው የሚጠይቁት ይመስለኛል። ወጣቱ ያሰበው ስልኩ ውስጥ የከፈተውን ባዶ ገጽ ነው፤ ሥዕል የሌለበት፣ ጌጥ የሌለበት፣ ቃል ብቻ የሚያርፍበት። ለአያትየው የታያቸው ደግሞ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ፣ በመልእክተኛ እጅ ከደብር ወደ ደብር የሚሄድ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቃሉ አንድ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ከሺህ ዓመት የሚበልጥ መንገድ ነው። መንገዱን እስቲ ከመነሻው እንያዘው።

ጦማር ግዕዝ ነው፤ ግዕዝ ግን አልወለደውም፣ በጉዲፈቻ ነው ያሳደገው። የመጣው «ቶማሪዮን» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ትንሽ ጥቅል። የቶማሪዮን እናት «ቶሞስ» ናት፤ ቁራጭ ማለት ነው፤ ከመቁረጥ ግስ የወጣች። ረጅም የፓፒረስ ጥቅል ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል ቶሞስ ይባል ነበር። ከዚያው ሥር ሌላም ዘመድ እናውቃለን፦ አቶም። «አ» አፍራሽ ናት፣ «ቶሞስ» ቁራጭ፤ አቶም የማይቆረጠው ነው። የፊዚክስ መምህሩ አቶምን፣ የቅኔ መምህሩ ጦማርን ሲያነሡ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስም እየጠሩ መሆናቸውን ልብ አይሉትም።

«ቶማሪዮን» በተ ተነሥቶ በጠ ለምን አረፈ? ሕግ ስላለው ነው። የግዕዝ ተርጓሚዎች የግሪኩን «ታው» በጠ፣ «ካፓ»ን በቀ፣ «ፒ»ን ደግሞ ብዙ ጊዜ በጰ ይወስዱ ነበር። ፔትሮስ ጴጥሮስ፣ ማርኮስ ማርቆስ የሆነው በዚሁ ሕግ ነው። ጦማርም በዚያው በር ገባ፤ የቃሉ ጅራት «ዮን» በበሩ ላይ ተቆርጣ ቀረች። መቁረጥ ስሙ የሆነ ቃል ራሱም ተቆርጦ መግባቱ ያምርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጦማርን የሚሰማ ሰው ጦምን ያስታውስና «ጦም አዳሪ የሚጽፈው ነው» ብሎ ሊቀልድ ይችላል። ቀልድነቱ ያዝናናል፤ ሥርወ ቃልነቱ ግን አይሠራም። ጦም በጥንቱ ጾም ነው፤ ጸ በአማርኛ አፍ ጠ ሲሆንበት ነው ጦም የተባለው። የዓረብኛውም የዕብራይስጡም ወንድም በዚያው በጸ መደብ ይገኛል። ጦማር ግን ከመጀመሪያውም ጠ ነው፤ ር ደግሞ የራሱ የግንዱ ፊደል ናት። ሁለት ቃላት በድምፅ መመሳሰላቸው ጎረቤት ቢያደርጋቸው እንጂ ዘመድ አያደርጋቸውም።

ግዕዝ ጦማርን የተቀበለው ለደብዳቤና ለጥቅል ጽሑፍ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ስም ከሚጠሩት ድርሳናት አንዱ «ጦማረ ትስብእት» ይባላል። ርእሱ የሚነግረን ነገር አለ፤ ጦማር አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ለማያያቸው ሰዎች፣ በራሱ ድምፅ የሚያደርሰው ጽሑፍ ነው። ከዚያ በኋላ አማርኛ ለዕለት ጉዳዩ ደብዳቤን መረጠና ጦማር በሊቃውንቱ ዘንድ ተከቶ ቀረ። መዝገበ ቃላት ያውቀዋል፤ ገበያ አያውቀውም።

በኋላ ግን የኢንተርኔት ጸሐፊዎች ቀሰቀሱት። በኢንተርኔት ላይ በግል ስም የሚጻፈውን ጽሑፍ ምን እንበለው የተባለ ጊዜ፣ ከመዝገበ ቃላት አውጥተው አራገፉት። በ2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡት የዞን 9 ጦማሪያን «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ሲሉ ደግሞ ትልቅ ነገር ሆነ፤ በስምነቱ ይታወቅ የነበረው ቃል በግስነቱ ተሰማ። ጦመረ፣ ይጦምራል፣ መጦመር፣ ጦማሪ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሲታሰሩ «ጦማሪ» የዜና ቃል ሆነ፤ ጋዜጣ በማያነበው ሰው ጆሮም ደረሰ። አንድ የተዋሰነው ቃል የእኛ የሚሆነው በእኛ ሰዋስው መርባት የጀመረ ቀን ነው።

የእንግሊዝኛው ብሎግ ከሌላ ዕቃ ነው የመጣው። «ሎግ» ግንድ ነው። መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለመለካት ቋጠሮ ያለበት ገመድ ያሰሩበትን እንጨት ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር፤ ልኬቱን በየዕለቱ የሚያሰፍሩበት መዝገብ የግንዱን ስም ወረሰ። በ1997 እ.ኤ.አ. ጆርን ባርገር ሎግን ከድር ጋር አጋብቶ «ዌብሎግ» አለ፤ በ1999 ፒተር መርሆልዝ በጨዋታ ቆርጦ ብሎግ አደረገው። እንግሊዝኛው መዝጋቢ ነው፤ ዛሬ የት ደረስን ይላል። ጦማር ላኪ ነው፤ ይድረስ ለ... ይላል። የአያትየው «ለማን ነው?» ጥያቄ ያለቦታው የመጣ አይደለም፤ ቃሉ ራሱ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ ሀገር፣ ሰቆጣ ወዳለችበት ወደ ዋግ እንውረድ፤ ጦማር የሚያርፍበት ነገር ቆዳ ነውና። ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሲወርዱ አበርገሌ አለ፤ ለአንድ የፍየል ዝርያ ስሙን የሰጠ ሀገር። ፍየል በዋግ ወተትም፣ ሥጋም፣ የክፉ ቀን ገንዘብም ነው፤ ቆዳው ደግሞ ብራና ይሆናል። ብራና የሚለው ስም የሩቅ ሰው ነው፦ የላቲኑ «ሜምብራና» በግሪክ በኩል ዞሮ ግዕዝ ሲደርስ ብራና ሆነ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም ብራናዎቹን እንዲያመጣለት አደራ ሲል በግሪክኛው ውስጥ የተጠቀመው ይህንኑ የላቲን ቃል ነው።

ደብተርም ቆዳ ነው። ግሪኮች የተሰናዳ ቆዳን «ዲፍቴራ» ይሉታል። ሄሮዶቱስ በታሪኩ 5ኛ መጽሐፍ እንደሚያወሳው፣ የኢዮንያ ሰዎች በፓፒረስ መጻፍ ከጀመሩም በኋላ መጻሕፍትን «ዲፍቴራ» እያሉ ይጠሩ ነበር፤ ፓፒረስ በጠፋበት ዘመን የሚጽፉት በፍየልና በበግ ቆዳ ላይ ስለነበረ። ያ ቃል ወደ እኛ በሁለት መንገድ መጣ። በአንዱ መንገድ ግዕዝ «ደብተራ» ብሎ ለድንኳን አዋለው፤ ድንኳንም የሚሠራው ከቆዳ ነበርና። ደብተራ ኦሪት የምንለው ይኸው ነው፤ በኋላም ቃሉ በድንኳኑ፣ ከዚያም በቤተ ክርስቲያኑ ለሚያገለግለው ባለ ዜማ መጠሪያ ሆነ። በሌላው መንገድ ቃሉ በፋርስና በዓረብ አፍ «ደፍተር» ሆኖ ዞረና ተማሪው በብብቱ የሚይዘውን ደብተር ሰጠን። ደብተራውና ደብተሩ የአንድ ፍየል ቆዳ ልጆች ናቸው።

ቆዳው ብራና እስኪሆን ድረስ ያለውን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ ዙሪያውን በጠፍር ይወጠራል፤ እንደ ከበሮ ነጠር እስኪል። የሥጋው ወገን በስለት ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይነሣል፣ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ እንደገና ይፋቃል። ሲበቃው በልክ ይቆረጣል። ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት ወስፌ አንሥቶ ዳርና ዳሩን ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀለም የሌለው መስመር ይጭራል። ፊደሉ የሚንጠለጠለው በዚያ በማይታይ መስመር ላይ ነው። «ፋቂ» የሚለውን ቃል ዘመናት ሁሉ ለስድብ ስናውለው ኖርን፤ የምንሳለመው መጽሐፍ ግን ያለ ፋቂ እጅ አንድ ቅጠል አይኖረውም ነበር።

መሣሪያዎቹም የራሳቸው ጨዋታ አላቸው። ብዕር በግዕዝ ብርዕ ነው፤ መቃ፣ ሸምበቆ ማለት። አማርኛ ሁለቱን ፊደላት አቀያይሮ ብዕር አለው። ቀለም ደግሞ ከግሪኩ «ካላሞስ» ይነሣል፤ እሱም ሸምበቆ ነው፤ ዓረብኛው እስከ ዛሬ «ቀለም» የሚለው ብዕርን ነው። እኛ ግን መቃውን ትተን በመቃው የሚፈሰውን ጥቁር ነገር ቀለም አልነው። ስለዚህ ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ሲያጠቅስ፣ እንደ ሥርወ ቃሉ ሸምበቆን ሸምበቆ ውስጥ እያጠቀሰ ነው። ወረቀትም ከዓረብኛ የመጣ ቅጠል ነው። የጽሕፈት ዕቃ ሁሉ ስሙ ሲፈታ ሜዳ ላይ ያለ ነገር ይሆናል፦ ፍየል፣ ሸምበቆ፣ ቅጠል።

ሁሉን ነገር ተበድረን ብቻ አልቀረንም፤ አበድረናልም። ጸሐፈ የሚለው ሥር በሌሎችም የሴም ቋንቋዎች ይገኛል፤ መጽሐፍ ግን የግዕዝ ቅርጽ ነው። ዓረብኛ ለቁርኣን ጥራዝ «ሙስሐፍ» የሚለውን ቃል ከሐበሻ እንደወሰደ የአውሮፓ ሊቃውንት፣ ከእነሱም ኖልደከ፣ ጽፈዋል። ከእነሱ አስቀድሞ የእስልምናው ሊቅ ሱዩጢ ያቆየው የሙስሊሞች ትውፊትም ስሙ በሐበሻ ከታየው እንደተወሰደ ያወሳል። ጦማርን ተቀበልን፣ መጽሐፍን ሰጠን፤ ሒሳቡ ተዘጋ።

ከጸሐፈ ጎን ከተበ አለ፤ ይኸኛው የበለጠ ያስደንቃል። ከተበ መጻፍ ነው፤ ዓረቡም «ከተበ» ይላል። አማርኛ ግን ለተራው ጽሕፈት ጻፈን ይዞ ከተበን ለቆዳ ጉዳይ ተወው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው በቆዳ የተሰፋ ጽሑፍ ክታብ ሆነ። ክንድ ተጭሮ የሚሰጠው መድኃኒት ክትባት ሆነ። እናት ጤና ጣቢያ ሄዳ «ልጄን ላስከትብ» ስትል፣ ሥርወ ቃሉ «ልጄ ላይ ላስጽፍበት» ነው የሚለው። መጻፍ ድሮም መጫር፣ መፋቅ፣ መቁረጥ ነበር፤ አንድ ነገር ሳይነሣ ሌላ ነገር አይሰፍርም።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ድንጋይ ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ አለ፦ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ። ከአንድ ዓለት የወጣ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወቀረ ማለት ድንጋይን ቀርጾ፣ ፈልፍሎ ማውጣት ነው፤ እናቶቻችንም ወፍጮው ሲለዝባቸው «ወፍጮው ይወቀር» ይሉ ነበር። ሌላው ሕንፃ የሚሠራው በመጨመር ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ውቅር የሚሠራው በመቀነስ ነው። ጠራቢው ያመጣው ድንጋይ የለም፤ ያልተፈለገውን ብቻ አነሣ፤ የቀረው ቤተ መቅደስ ሆነ።

እንግዲህ ወጣቱ ወደ ከፈተው ባዶ ገጽ እንመለስ። ያ ጌጥ የሌለው ጽሑፍ፣ ማድመቂያና ቀለም፣ ሥዕልና ሳጥን የሌለበት፣ ፊደል ብቻ የሆነው፣ በአማርኛ ምን ይባል? «ተራ ጽሑፍ» የሚሉ አሉ። ተራ ወረፋም ነው፣ የገበያ መደዳም ነው፣ ማዕረግ የሌለውም ነው፤ ጽሑፉን ያዋርደዋል። «ግልጽ ጽሑፍ» የሚሉም አሉ፤ ግልጽ ግን ስለ ሐሳቡ እንጂ ስለ መልኩ አይናገርም፤ ጌጥ የሌለው ጽሑፍ ግራ የሚያጋባ ሊሆን ይችላል። እኔ የምመርጠው «ልሙጥ» ነው። ዓርማ የሌለውን ሰንደቅ ዓላማ ልሙጥ የምንል ሕዝብ ነን፤ ቃሉ በአፋችን ዝግጁ ነው። ልሙጥ ለስላሳ፣ ምንም ያልተለጠፈበት፣ ምንም ያልተጠለፈበት ነው።

የልሙጥ ተቃራኒም አለን፦ ሐረግ። በብራና መጽሐፍ ራስ ላይ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ የሚጠላለፈው ጌጥ ሐረግ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ዛፍ ላይ ከሚጠመጠመው ተክል ነው። ሰዋስውም ቃሉን ወስዶ የተያያዙ ቃላትን ሐረግ አለ፤ ትውልድ የሚቆጥረውም የዘር ሐረግ ይላል። ልሙጥ ጽሑፍ የሥዕሉን ሐረግ ትቶ የሰዋስውን ሐረግ ይዞ የሚቀር ጽሑፍ ነው።

የእንግሊዝኛዎቹ ስሞች ደግሞ ከክርና ከሽመና ይነሣሉ፤ «ቴክስት» በላቲን የተሸመነ ማለት ነው። «ፋይል» ከክር ነው፤ ወረቀቶች በክር እየተሰኩ ይቀመጡ ከነበረበት ዘመን የቀረ። እኛም ድረ ገጽ ስንል ያለ ማንም ምክር ድርና ማጉ ዘንድ ደርሰናል። ፋይል የሚቀመጥበትን ደግሞ ማኅደር ብለነዋል፤ ይህ ከሁሉም የሚያምረኝ ነው። ማኅደር ከኀደረ ነው፤ ማደሪያ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በማንገቻው የሚንጠለጠለው የመጽሐፍ የቆዳ ከረጢት ማኅደር ይባላል። መጽሐፉ ቀን ይነበባል፣ ሌሊት ማኅደሩ ውስጥ ያድራል። ስልኩ ውስጥ ያለው ማኅደርም ሥራው ይኸው ነው።

ልሙጥነት ለአማርኛ ጌጥ ከመጥላት በላይ የሆነ ጥቅም አለው፤ የትናንቱ ታሪካችን ያስተምረናል። ኮምፒውተር ግዕዝን መጻፍ በጀመረበት ዘመን እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ይቆጥር ነበር። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፓወር ግዕዝ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ትርምስ ይሆናል። ጽሑፉ ፊደል አልነበረም፤ ፊደል የለበሰ ሌላ ነገር ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው 3ኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ ቁጥር ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሰ የትም ቢሄድ ሰ ነው። «ሰቆጣ» ሦስት ፊደል ናት፤ በተለመደው አቀማመጥ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ዘጠኝ ባይት ትመዝናለች። ሁለት ሺህ ቃል ያለው ልሙጥ ጽሑፍም ሠላሳ ኪሎባይት ገደማ ቢሆን ነው፤ ከአንድ የስልክ ፎቶ እጅግ ያንሳል። ኔትዎርክ ገብቶ በሚወጣበት ተራራ ላይ ለሚኖር ጸሐፊ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፎቶው ሲንከራተት ቃሉ ይደርሳል።

አንድ ችግር ግን ይቀራል፤ እሱም የእኛው ነው። ሰቆጣ ያለችበትን ሀገር ስም አንዱ ዋግ ኽምራ፣ ሌላው ዋግ ሕምራ፣ ሦስተኛው ዋግ ህምራ ብሎ ይጽፈዋል። ከተማይቱም ሰቆጣም ሶቆጣም ተብላ ትገኛለች። ለአንባቢ ዓይን ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ለማሽን ግን ኽ እና ሕ ሰማይና ምድር ናቸው። በአንዱ የጻፈውን በሌላው የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ልሙጥ ጽሑፍ ጌጥ ስለሌለው የሚደበቅበት የለውም፤ አጻጻፍህ ብቻ ነው ፊቱ። አንዱን ምረጥና ጽና፤ የእኔ ምርጫ ኽ ነው፤ የሀገሬው ሰው ራሱን ሲጠራ ከጉሮሮው የሚያወጣው ድምፅ ወደ ኽ ይቀርባልና።

ያ ድምፅ የኽምጣንጋ ነው፤ ከብሌን፣ ከቅማንትኛና ከአውኝ ጋር የአገው ቋንቋዎች ቤተሰብ የሆነው። ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ በ1884 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ቋንቋ መጽሐፍ አሳትሟል፤ በጀርመንኛ። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1904 የአበርገሌውን ዘዬ መዘገበ፤ በጣሊያንኛ። ዛሬ ኽምጣንጋ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። «ንጋ» ብለን በሁለት ፊደል የምናባክነው የአፍንጫ ድምፅም በአገው ቋንቋዎች የራሱ ፊደል አለው፦ ጘ። እሱም በዩኒኮድ ቁጥሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ፊደሉ ዝግጁ ነው፣ ማኅደሩ ዝግጁ ነው። የጎደለው ከአያቱ አፍ የሚሰማውን ቃል በራሱ እጅ የሚያሰፍር የዋግ ልጅ ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ልሙጥ ድህነት አይደለም። ብራና ልሙጥ የሚሆነው ጠጉሩና ጅማቱ ተፍቆ ሲያልቅ ነው፤ ውቅሩም የተገኘው ከዓለቱ ያልተፈለገው ሲነሣ ነው። ጦማር በስሙ ቁራጭ ነው፤ ረጅሙን ቆርጦ አንዱን መላክ። ስለዚህ ጦማር ልትጀምር ያሰብክ ወንድሜ፣ ልትጀምሪ ያሰብሽ እኅቴ፣ ስለ መልኩ አትጨነቁ። ባዶ ፋይል ክፈቱ፤ ቀኑን በራሳችን አቆጣጠር አስፍሩ፤ በሰፈራችሁ ብቻ የሚነገር አንድ ቃል ከነፍቺው ጻፉ። ስትጨርሱ የአያትየውን ጥያቄ መልሱ፦ ለማን ነው? መልሱን ካወቃችሁት ጦማር ጀምራችኋል።